ቶዮታ «አይሞትም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ሃያ ዓመት ያለፈው ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ይጠራበታል። ወንበሩ የተቀደደ፣ ፓራውልቱ በሽቦ የተሰፋ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ የወንበሩ ፕላስቲክ ገና ያልተነሳ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ቆሟል። የሁለቱ ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው ያህል አይራራቅም። ለምን ብሎ ለጠየቀ የደላላው መልስ አጭር ነው፦ «ቶዮታ ነዋ! አይሞትም።»

መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ብዙ ነገር አጭቆ ይዟል። የመኪናው ጥራት አለበት፤ የመካኒኩ ልምድ አለበት፤ የመለዋወጫው ገበያ አለበት፤ የቀረጥና የውጭ ምንዛሪ ፖሊሲም አለበት። ከአራቱ ጃፓን ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት የአገር ቤት ሥራ ናቸው። ገዢ ገንዘቡን ሲያወጣ የትኛውን እየገዛ እንደሆነ ቢለያቸው ይጠቅመዋል።

«አይበላሽም» ሌላ፣ «ይጠገናል» ሌላ

ስለ መኪና ጥንካሬ ሲወራ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። አስተማማኝነት ማለት መኪናው ባለቤቱን መንገድ ላይ ሳያስቀር መሥራቱ ነው። ዘላቂነት ዕድሜው ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ሞተሩ ይከፈታል የሚለው። ሦስተኛው ለጥገና ያለው ምቹነት ነው። ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ዕቃው የት ይገኛል? ስንት ቀን ያስቆመዋል?

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት በየዓመቱ ባለመኪኖችን ይጠይቃል። ባለፉት 12 ወራት ምን ተበላሸብህ ነው ጥያቄው። ቶዮታና የቅንጦት ክንፉ ሌክሰስ ለብዙ ዓመታት ከዝርዝሩ አናት አልራቁም። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ግን የሚናገረው በአብዛኛው አሜሪካ ውስጥ ስለሚነዱ፣ ዘይታቸው በወቅቱ ስለሚቀየር፣ አስፋልት ላይ ስለዋሉ መኪኖች ነው። ጃፓን ውስጥ ተነድቶ፣ ዱባይ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ላይ አራት ባለቤት ስለቀየረ ቪትዝ ምንም አይልም።

የእኛ አገር ገዢ ደግሞ አውቆም ይሁን ሳያውቅ የሚከፍለው ለሦስተኛው ነው። ሶማሌ ተራ ገብቶ «የቪትዝ ሞዞ ኩሽኔታ» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ኦሪጅናል ይፈልጋል ወይስ ኮፒ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ «የለም» አይባልም። ጥሩ መኪና ሆኖ ዕቃው የማይገኝ መኪና እዚህ አገር መጥፎ መኪና ነው።

ከሸማ መሥሪያ የመጣ ጠባይ

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው ከመኪና አይደለም። ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና ማሽን ፈልሳፊ ነበር። በ1924 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ያወጣው አውቶማቲክ መሸመኛ አንድ ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል። ቀላል ነገር ይመስላል። ከዚያ በፊት ግን ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ መሸመኑን ከቀጠለ ጨርቁ ሁሉ ይበላሽ ነበር። ልጁ ኪቺሮ በ1937 የመኪና ኩባንያውን ሲያቋቁም ይህ ሐሳብ አብሮ ተሻገረ። ጃፓኖች ጂዶካ ይሉታል፤ ጉድለት ሲታይ ሥራው እዚያው ይቁም ማለት ነው። በቶዮታ ፋብሪካ ተራው ሠራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን የማስቆም መብት አለው። ካይዘን የሚባለው ትንሽ በትንሽ የማሻሻል ልማድም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ቃሉን እንኳ እኛም እናውቀዋለን፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ያላነበበው ብዙ ሰው የለም። ፋብሪካ ውስጥ ያለውና ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ናቸው ወይ የሚለው ሌላ ርዕስ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ አለመቸኮል ነው። ቶዮታ አዲስ ቴክኖሎጂ ወደ ተራው መኪናው የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ ሌሎች ከሞከሩት በኋላ ነው። ምሳሌው በየገጠሩ የሚታየው የላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው። ይህ 70 ተብሎ የሚጠራው ትውልድ የወጣው በ1984 ነው። ብዙዎቹ የእርዳታ ድርጅት መኪኖች የያዙት ዋን ኤችዜድ የተባለ ሞተር ደግሞ በ1990 መጣ። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣው በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ ሞተር ነው። ለመጠኑ ጉልበቱ አነስተኛ ነው። ነዳጅም ይወዳል። ግን ቆሻሻ ናፍጣ ይችላል፤ ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው ኮምፒውተር አያስፈልገውም። የታክሲዎቹ ዶልፊኖች የያዙት ፋይቭ ኤል ሞተርም ያው ዓይነት ነው። ጉልበት ተቀንሶ ዕድሜ ተገዝቷል።

ይህ ማለት ቶዮታ አዲስ ነገር አይሞክርም ማለት አይደለም። በ1997 ፕሪየስን ሲያወጣ ሃይብሪድ፣ ማለትም ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ የሚሄድ መኪና፣ በብዛት ለገበያ ያቀረበ ሌላ ኩባንያ አልነበረም። ግን ድፍረቱን በአንድ መኪና ላይ ሞክሮ ነው ወደ ሌሎቹ ያዛመተው።

ስሙን የፈተኑ ዓመታት

«ቶዮታ አይበላሽም» የሚለው አባባል የኩባንያውን የራሱን ታሪክ ይዘላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡት የኮሮላ 1.8 ሞተሮች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ምክንያቱ ፒስተኑ ላይ ያሉት ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች አነስተኛ መሆናቸው ነው። ቀዳዳው በካርቦን ሲደፈን ፋሻው፣ ማለትም የፒስተኑ ቀለበት፣ ይጣበቃል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ኩባንያው በኋላ ፒስተኑን ቀየረው።

ከዚያ የ2009 እና የ2010 ቀውስ መጣ። መኪናው ሳይታዘዝ ፍጥነት ይጨምራል የሚል አቤቱታ በዛ። ቶዮታ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪና ለእርማት ጠራ። ይህን ዓይነቱን ጥሪ ሪኮል ይሉታል፤ አምራቹ በራሱ ወጪ ጉድለቱን የሚያስተካክልበት ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ መሐንዲሶች ጭምር ኤሌክትሮኒክሱን መረመሩ፤ የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት አላገኙም። የተገኙት ፔዳሉን የሚይዝ ምንጣፍና የሚጣበቅ ፔዳል ናቸው። ሆኖም ኩባንያው ችግሩን ለሕዝብ በትክክል አላሳወቀም ተብሎ በ2014 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። የወቅቱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በ2010 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ዕድገታችን ሳይፈጥን አልቀረም ብሎ ነበር። የራሱን በሽታ በትክክል የለየው ይመስለኛል።

ታኮማ የተባለው ፒካፕ ሻሲው ዝገት በልቶት ሌላ ትልቅ ክፍያ ተከተለ። በ2024 ደግሞ ቱንድራ ፒካፕንና አንድ የሌክሰስ ሞዴልን ጨምሮ 102,000 ያህል መኪኖች ተጠሩ። ሞተራቸው ውስጥ ከፋብሪካ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ነበረበት። ጂዶካን የፈጠረ ቤት ፍርፋሪ ሳያጸዳ ሞተር ሲገጥም ማየት ለወዳጆቹ ከባድ ነበር።

ከሁሉም ብዙ የተወራው የምስክር ወረቀት፣ ማለትም መኪና ለገበያ ከመውጣቱ በፊት በፈተና የሚያገኘው ማረጋገጫ፣ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2023 የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በደኅንነት ፈተናዎች ላይ ማጭበርበሩ ተገለጠ፤ 64 ሞዴል ነክቷል። በወሩ የቶዮታ ቡድን አባል የሆነ ሌላ ኩባንያ የሦስት ናፍጣ ሞተሮችን የጉልበት ፈተና ከእውነተኛው ምርት በተለየ ሶፍትዌር እንደሠራ ታወቀ። ሃይሉክስና አዲሱ ላንድክሩዘር ከሚመለከታቸው ውስጥ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ «አለቀ፤ ቶዮታ ድሮ ቀረ» ይላል። ሌላው «የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ ያው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ቶዮታ ድጋሚ መርምሮ የተሸጡት ሞተሮች የተቀመጠውን መለኪያ ያሟላሉ፣ መንዳት ማቆም አያስፈልግም ብሏል። ስለዚህ ሃይሉክስ ያለው ሰው ሞተሩ ነገ ይወድቃል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት የለም። ግን የአንድ ኩባንያ ጥራት የሚጠበቀው ማንም ሳያይ በሚሠራው ፈተና ነው። እዚያ ላይ አቋራጭ ከተለመደ ውጤቱ የሚታየው ዛሬ በሚነዳው መኪና ላይ ሳይሆን ከአሥር ዓመት በኋላ በሚነዳው ላይ ነው።

እኛን የማይጠራን ጥሪ

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ ባለመኪና የሚቀርበው ብዙም የማይወራው ታካታ ነው። ታካታ የኤርባግ አምራች ነበር። ኤርባግ በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋ የአየር ከረጢት ነው። የሚነፋው በትንሽ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ባለ ኬሚካል ነው። የታካታ ኬሚካል በብዙ ዓመት ሙቀትና እርጥበት ይበላሻል። ያኔ ከመንፋት ይልቅ ይፈነዳል፤ የቆርቆሮው ስባሪ ፊትና አንገት ላይ ይበተናል። በዓለም ከ100 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ተጠርተዋል። ኩባንያው በ2017 ከሰረ። ቶዮታ በጥር 2024 አሜሪካ ውስጥ ላሉ 50,000 ያህል የ2003 እና የ2004 ኮሮላን ጨምሮ አሮጌ መኪኖች «አትንዱ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

ችግሩ ምንድን ነው? ሪኮል የሚሠራው አምራቹ ባለቤቱን ሲያውቀው ነው። ደብዳቤ የሚላከው መጀመሪያ ለተመዘገበው አድራሻ ነው። ጃፓን ወይም አሜሪካ ተሽጦ በሦስተኛ ወገን በኩል አዲስ አበባ የገባ መኪና ባለቤት ደብዳቤው አይደርሰውም። ጥሪው አልቀረም፤ አድራሻው ነው የጠፋው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻሲ ቁጥር በአምራቹ የሪኮል መፈለጊያ ላይ ማስገባት ግን ለማንም ክፍት ነው። የደቂቃ ሥራ ነው። «አይሞትም» የሚባለው መኪና ውስጥ ሊገድል የሚችል ዕቃ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ከዘይት ለውጥ አያንስም።

ዋጋው የቆመበት መሬት

ቪትዝ በ1999 ሲወጣ ለጃፓን ከተሞች የታሰበች ትንሽ መኪና ነበረች። አውሮፓ ያሪስ ተብላ ሄደች፤ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለች። አዲስ አበባን የሞላችው ግን በሽልማቷ አይደለም። የቀድሞው የኤክሳይስ ታክስ በሞተር መጠን የሚከፈል ነበር፤ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። 1.0 ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ዝቅተኛው እርከን ላይ ነበረች። ሕዝቡ ቪትዝን መረጠ ስንል ግማሹን ምርጫ የመረጠለት ታክሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜው የገፋ ያገለገለ መኪና ላይ ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥ ታክስ ጣለ። የጃፓን አሮጌ መኪና መግባቱ ቀነሰ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው የቪትዝ ዋጋ ለምን እንደማይወድቅ ይገባዋል። አዲስ አይገባም። ያለው አይበዛም። መኪናው ላይ የተከፈለው ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ብር ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ማንኛውም የሚሄድ መኪና ዋጋው ይይዛል። ስለዚህ «ገዝቼ ነዳሁት፤ አትርፌ ሸጥኩት» የሚለው የተለመደ ወሬ ስለ መኪናው ጥራት ብዙም አይናገርም። በብዛት የሚናገረው ስለ ብር ነው።

ሌላም የዓይን ማታለያ አለ። መንገድ ላይ የሚታየው የ1980ዎቹ ኮሮላ ዲኤክስ የተረፈው ነው። ያልተረፉት ተፈታተው ዕቃቸው በሌላ ውስጥ እየሄደ ነው። የተረፈውን ብቻ አይቶ «ሁሉም እንዲህ ናቸው» ማለት ከዘመቻ የተመለሰውን ብቻ ጠይቆ ጦርነቱ ቀላል ነበር እንደማለት ነው። ዲኤክሱ ራሱ ሲመረመርም ሞተሩ ተከፍቷል፣ ካምቢዮው ተቀይሯል፣ ቀለሙ ሦስተኛው ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ጥንካሬው ከመካኒኩ ጋር የተጋራ ነው።

አንድ ቪትዝ ሲመረመር

ልምድ ያለው መካኒክ መኪናው ጋ መድረስ የሚፈልገው ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። መጀመሪያ ኮፈኑ ላይ እጁን ያሳርፋል። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ መጠርጠር ይጀምራል። ከዚያ የዘይት ክዳኑን ይከፍታል። ከሥሩ ወተት የመሰለ አረፋ ካለ ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል፤ የቴስታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ብሎ ይጠረጥራል።

ይህ የኛ ከተማ የተለመደ በሽታ ነው። ምክንያቱም አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው እዚያው አካባቢ ባለ ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርጉት የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ኩላንት የሚባለው ባለቀለም ፈሳሽ ናቸው። ብዙ መኪና ግን የቧንቧ ውሃ ይሞላበታል፤ ክዳኑ ላላ ቢል ልብ የሚለው የለም። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩ ራሱ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ገደማ አጥቶ ነው እንጦጦን የሚወጣው። በርካሽ ክዳን የተነሳ ውድ ቴስታ ይጣመማል።

ሞተሩ ሲነሳ የሰንሰለት ኳኳታ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጣል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል። ከዚያ ኪሎ ሜትሩን ያያል፤ ግን ቁጥሩን አያምንም። ቁጥር ይመለሳል። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ልሙጥ ከሆነ፣ መሪው ካብለጨለጨ፣ ዳሽቦርዱ ላይ 80,000 መጻፉ ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ የሻሲ ቁጥሩ አለ። ጃፓን ውስጥ ለጃፓን ገበያ የተሸጠ መኪና 17 አሃዝ ያለው ዓለም አቀፍ ቁጥር የለውም፤ አጭር ቁጥር ነው ያለው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ለምሳሌ በኤስሲፒ10 ይጀምራል። ጃፓን በግራ ትነዳለች፤ መሪዋ ቀኝ ነው። ቁጥሩ አጭር ሆኖ መሪው ግራ ከሆነ መሪው ዞሯል ማለት ነው። መሪ ማዞር ደግሞ ዳሽቦርድ መፍታት፣ ብረት መብሳት፣ ሽቦ መቀጠል ነው። በደንብ የተሠራ አለ፤ ኤርባጉ የማይሠራም አለ። ከፋብሪካው ጥራት ውስጥ ምን ያህሉ ተርፎ እንደመጣ የሚወስነው ያንን ሥራ የሠራው እጅ ነው።

ኤሌክትሪኩ መጥቷል፤ ከዚያስ?

የኤሌክትሪክ መኪና ደጋፊዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ማርሚታ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ትንሽ ነው። በንድፈ ሐሳብ የሚበላሸውም ትንሽ ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ክርክሩ የበለጠ ወደነሱ ያዘነብላል።

ተቃራኒው ወገን የሚያነሳው የጥገናውን ነው። ባትሪው፣ ኮምፒውተሩና ሶፍትዌሩ ሲታመም ሰፈር ያለው ጋራዥ አይከፍተውም። የአንዱ ቻይና ብራንድ ዕቃ ለሌላው አይሆንም፤ ብራንዶቹም ብዙ ናቸው። ቶዮታን ቶዮታ ያደረገው አንድ ሞዴል በብዛት ተሸጦ መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪፈታው ድረስ መቆየቱ ነው።

የቶዮታ ስም ወደ ኤሌክትሪኩ ቢሻገር ጥራቱ አብሮ ይሻገራል ወይ? እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቶዮታ ለዓለም ገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ትልቅ የኤሌክትሪክ መኪናው፣ ቢዜድ4ኤክስ፣ በ2022 ገና ከመውጣቱ ተጠርቷል። ጎማው የታሰረበት ብሎን ሊላላና ጎማው ሊወልቅ ይችላል ተባለ። በቁጥር 2,700 ያህል መኪኖች ብቻ ነበሩ፤ ችግሩም ተስተካክሏል። ይህ መኪና ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ይታያል። ገዢው «ቶዮታ ነው» ብሎ ሲገዛ የሚገዛው የ70ውን ላንድክሩዘር ታሪክ ነው፤ የሚነዳው ግን ታሪኩ ገና የተጀመረ መኪና ነው።

ባትሪን በተመለከተ ግን የሚጠቅም ልምድ አለ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ፕሪየስን ከማንም በላይ ያውቁታል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ለሃይብሪድ ባትሪ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና ይሰጥ ነበር፤ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አደረገው። ዋስትና ማራዘም ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ነው፤ ኩባንያው በባትሪው ዕድሜ ካልተማመነ አያደርገውም። የሚገርመው ከ2010 እስከ 2015 የወጣው የፕሪየስ ትውልድ ነጂዎቹን ያማረረው በባትሪው ሳይሆን በቤንዚን ሞተሩ ነው። የጭስ መመለሻ ቱቦው በካርቦን ይደፈናል፤ በመጨረሻ የቴስታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል።

ለአሮጌዎቹ ቶዮታዎች የሚመጣው ጊዜ የሚታየው መንገድ ላይ ሳይሆን ሶማሌ ተራ ነው። አዲስ ቤንዚን መኪና ካልገባ የተጋጨ ቪትዝ ዋጋው ሌላ ይሆናል። ድሮ ቁርጥራጭ ብረት የነበረው ዛሬ ሞተሩ ለአንዱ፣ ካምቢዮው ለሌላው፣ በሩ ለሦስተኛው ይሸጣል። አንዳንዱ መኪና ተፈታትቶ ሲሸጥ ቆሞ ከሚያወጣው የተሻለ የሚያወጣበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ያኔ የስርቆቱም ነገር አብሮ ይታሰባል፤ መስታወትና የፊት መብራት መንቀል ድሮም የነበረ ሥራ ነው።